ለጎንደር ዳገት የትኛው ካምሪ? ስለ ሞተርና ስለ ካምቢዮ ምርጫ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂው ያቀረቡት ጉዳይ በአጭሩ ይህ ነው። የሚኖሩት ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው፤ ከባለቤታቸውና ከሦስት ልጆቻቸው ጋር አምስት ናቸው፤ ባለቤታቸው መንዳት የለመዱት አውቶማቲክ ብቻ ነው። ልጆቹን በየቀኑ ትምህርት ቤት ያደርሳሉ፣ በወር አንድ ጊዜ ወላጆቻቸውን ለመጠየቅ ደባርቅ ይወጣሉ፣ አልፎ አልፎም ባሕር ዳር ይወርዳሉ። ሦስት ያገለገሉ ቶዮታ ካምሪዎች ቀርበውላቸዋል፦ እ.ኤ.አ. የ2008 ሞዴል ባለ 2.4 ሊትር ሞተርና ባለ አምስት ማርሽ አውቶማቲክ፣ የ2010 ሞዴል ባለ 2.5 ሊትርና ባለ ስድስት ማርሽ አውቶማቲክ፣ እንዲሁም የ2007 ሞዴል ባለ 3.5 ሊትር ቪ6 (ባለ ስድስት ሲሊንደር) ከባለ ስድስት ማርሽ አውቶማቲክ ጋር። ሦስቱም ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ናቸው። ወዳጆቻቸው «ለደባርቅ ዳገት ቪ6 ካልሆነ አይሆንም» ብለዋቸዋል፤ ደላላው ደግሞ ማኑዋል ካምሪ አፈላልጎ ሊያመጣላቸው እንደሚችል ነግሯቸዋል። «ማተኮር ያለብኝ ሞተሩ ላይ ነው ወይስ ካምቢዮው ላይ? የትኛውንስ ልግዛ?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ውድ ጠያቂ፣ ብዙ ሰው «የትኛው መኪና ይሻላል?» ብሎ ብቻ ይጠይቅና የት እንደሚነዳው፣ ማን እንደሚነዳው፣ ምን እንደሚጭንበት ሳይነግረን ይቀራል። እርስዎ መንገድዎንም ቤተሰብዎንም ስለነገሩን በደፈናው ሳይሆን በመንገድዎ ልክ ለመመለስ እሞክራለሁ። መልሴን ላስቀድም፤ ከሦስቱ መካከል ከዚህ በታች የምዘረዝረውን ፍተሻ እስካለፈ ድረስ የምመርጥልዎት የ2010ሩን ባለ 2.5 ሊትር ነው። ለዚህ ምርጫ ያበቃኝ ግን ሞተሩ ብቻ አይደለም። በእኛ ከፍታና በእኛ ዳገት ላይ የአንድ ትልቅ የቤት መኪና ጠባይ ከሞተሩ ይልቅ የሚወሰነው በካምቢዮው ነው፤ ለዓመታት ጋራዥ ውስጥ ስሠራ ደንበኞቼን ለከባድ ወጪ ሲዳርግ ያየሁትም በአብዛኛው ካምቢዮው ነው።

በቅድሚያ የአየሩን ነገር እንይ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,133 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ደባርቅ ደግሞ ወደ 2,850 ሜትር ይጠጋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ሦስቱም ሞተሮች ቱርቦ (አየር በኃይል የሚያስገባ መሣሪያ) የሌላቸው በመሆናቸው ጎንደር ላይ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር በባሕር ጠረፍ ከሚገባው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ደባርቅ ላይ ጉድለቱ ወደ ሩብ ይደርሳል። የመኪናው ኮምፒዩተር የቤንዚኑን መጠን በአየሩ ልክ ስለሚቀንስ መኪናው አያጨስም፣ አያንቀውም፤ ጉልበቱ ግን በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ በወረቀት ላይ 158 የፈረስ ጉልበት አለው የሚባለው የ2.4 ሊትር ሞተር ጎንደር ላይ ከ125 እስከ 130፣ ደባርቅ ላይ 120 ገደማ ይሰጣል። ባለ 169 የፈረስ ጉልበቱ 2.5 ሊትር ጎንደር ላይ ወደ 135፣ ደባርቅ ላይ ከ125 ጥቂት ከፍ ይላል። ቪ6ቱ 268 ቢሆንም እዚህ ሲደርስ ከ215 ብዙ አያልፍም፣ ደባርቅ ላይ ደግሞ 200 ገደማ ይሆናል።

እንግዲህ ወዳጆችዎ ያሉትን በስሌት እንፈትሸው። ባለ አራት ሲሊንደሩ ካምሪ ባዶውን ወደ 1,500 ኪሎ ይመዝናል። አምስት ሰውና ለወላጆች የሚወሰደው ዕቃ ሲጨመርበት 1,900 ኪሎ እንበለው። መንገዱ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር የሚወጣ ጠንካራ ዳገት ቢሆንና እርስዎ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢወጡት፣ ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 33 የፈረስ ጉልበት ያህል ያስፈልጋል። የጎማውን መንከባለል፣ የአየሩን ግፊትና በካምቢዮው ውስጥ የሚባክነውን ስንጨምርበት ከሞተሩ የሚፈለገው 50 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይሆናል። ትንሹ ሞተር ደባርቅ አፋፍ ላይ 120 ይሰጣል ብለናል፤ ከሚፈለገው እጥፍ በላይ ማለት ነው። ስለዚህ ጤነኛ የሆነ ካምሪ፣ ትንሹም ቢሆን፣ ጉልበት አጥቶ ይህ ዳገት ላይ አይቆምም፤ የሚቆም ካለ ታሟል።

ታዲያ ሰዎች «መኪናው ዳገት ላይ ሞቶብኛል» የሚሉት ለምንድን ነው? ምክንያቱ ያ 120 የፈረስ ጉልበት የሚገኘው ሞተሩ በደቂቃ ወደ 6,000 ዙር ሲሽከረከር ብቻ መሆኑ ነው። ያው ሞተር በ1,500 ዙር ላይ ሲሆን በዚህ ከፍታ ከ30 የፈረስ ጉልበት ብዙ የሚበልጥ አይሰጥም፤ በ2,500 ዙር ግን ከ50 ያልፋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ ካምቢዮው በከፍተኛው ማርሽ ላይ ከሆነ የሞተሩ ዙር ከ1,500 አይበልጥም፤ ቤንዚን መስጫውን ቢረግጡትም የሚመጣ ነገር የለም። ዳገቱን የሚያስወጣው ካምቢዮው በጊዜው ወደ ሦስተኛ ወርዶ ሞተሩን ጉልበቱ ወዳለበት ዙር ማንሳቱ ነው። በጊዜው የሚወርድ፣ የወረደበትንም ማርሽ ይዞ የሚቆይ ካምቢዮ ትንሹን ሞተር ታላቅ ያደርገዋል፤ የሚያመነታ ካምቢዮ ደግሞ ቪ6ቱንም ያዋርደዋል።

ይህን ለማየት ከጎንደር በደባርቅ መስመር ወደ ኮሶዬ የሚወጣው መንገድ ጥሩ መፈተኛ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛዬ የ2008 ካምሪውን ይዞ «ሞተሩ ደክሟል፣ ይታደስልኝ» ብሎ መጣ። አብሬው ወጣሁ። ጭነት የያዘ ሲኖትራክ ከፊታችን እያዘገመ ነበርና ፍጥነታችን በ30 እና በ40 መካከል ይወጣል ይወርዳል። ዓይኔን የዙር መቁጠሪያው ላይ ተከልኩ። ካምቢዮው ሦስተኛ ይገባል፣ ወዲያው አራተኛ ይሞክራል፣ ያንቀዋል፣ ተመልሶ ይወርዳል፤ በወረደ ቁጥርም ማርሹ ከመያዙ በፊት ዙሩ ለአፍታ ከ2,000 ወደ 3,000 በባዶ ይዘላል። መኪናው በዚያች ቅጽበት አይገፋም፤ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ጎማው ጋ የሚደርስ የለም። ያ በባዶ የሚዘል ዙር ካምቢዮው ውስጥ ያሉት ፍሪሲዮኖች (ማርሹን ጨብጠው የሚይዙት ሳህኖች) እየተንሸራተቱ መሆናቸውን ይናገራል። ጋራዥ ተመልሰን ዘይቱን ስናወርደው ቀይ መሆን የነበረበት እንደ ቡና አተላ ጠቁሯል፤ በጣቴ መካከል ሳሸው የተቃጠለ ሽታ አለው፣ ብርሃን ላይ ሲያዩት ደቃቅ የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል። የሞተሩን ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት) ለካነው፤ አራቱም ሲሊንደሮች ደኅና ነበሩ። ይህ ሰው ሞተሩን አሳድሶ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡን ከስሮ መኪናው ያው ይሆንበት ነበር።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ለምን እንዲህ እንደሚጎዳ ማወቁ ለምርጫዎ ስለሚጠቅም ጥቂት ልቆይበት። በሞተሩና በማርሾቹ መካከል ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል ክፍል አለ፤ በዘይት በተሞላ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት እንደተቀመጡ ሁለት ማራገቢያዎች ቢያስቡት ይቀላል። ሞተሩ አንደኛውን ያዞራል፣ የሚወረወረው ዘይት ሌላኛውን ያዞራል። መኪናው በዝግታ ዳገት ሲወጣ የሁለቱ ፍጥነት በጣም ይለያያል፤ በዚህ ልዩነት የሚባክነው ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ተለውጦ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ፍጥነት ሲጨምር ውስጡ ያለ መቆለፊያ ፍሪሲዮን ሁለቱን ያጣብቃቸውና ብክነቱ ይቆማል። ችግሩ የእኛ አነዳድ ነው፤ ከከባድ መኪና ኋላ ረጅም ዳገት መውጣት፣ ወይም በጥምቀት ሰሞን ወደ ፋሲለደስ መዋኛ በሚወስደው መንገድ ላይ በሰው መካከል ሰዓት ሙሉ በዝግታ መሳብ፣ መቆለፊያው በማይሠራበት ፍጥነት ላይ ያቆየናል። ዘይቱ ይሞቃል፤ የሞቀ ዘይት ይቀጥናል፣ ፍሪሲዮኖቹን አጥብቆ የሚይዘው ግፊት ይወርዳል፣ እነርሱም እየተንሸራተቱ ተጨማሪ ሙቀት ይፈጥራሉ።

ባለ ስድስት ማርሹ ከባለ አምስቱ የሚሻለው እዚህ ላይ ነው። በ2010ሩና በቪ6ቱ ላይ ያለው ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮ የመጀመሪያው ማርሽ ሬሾ (ጉልበቱን የሚያበዛበት ልክ) 3.3፣ የመጨረሻው 0.6 ገደማ ነው፤ በመካከላቸው ያሉት ደረጃዎች ስለሚቀራረቡ ዳገት ላይ አንዱ ሲከብድ ሌላው ብዙ ሳይርቅ ይገኛል። ባለ አምስቱ የሁለተኛውና የሦስተኛው ማርሽ ርቀት ሰፋ ያለ ነው፤ በሁለተኛ ሲሆን ሞተሩ ይጮኻል፣ በሦስተኛ ሲሆን ይከብደዋል። ከጎንደር እስከ አምባ ጊዮርጊስ ባለው መንገድ ይህ ልዩነት በግልጽ ይሰማል። ይህ ማለት ባለ አምስቱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ በጠንካራነቱ ብዙ ሜካኒክ ያመሰግነዋል፣ አሠራሩም ቀለል ያለ ነው።

ስለ ዘይቱ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የእነዚህ ካምሪዎች አውቶማቲክ ካምቢዮ ቶዮታ ደብሊው ኤስ ብሎ የሚጠራውን ቀጭን ዘይት ይፈልጋል። በከተማችን «የካምቢዮ ዘይት ሁሉ አንድ ነው» እያሉ ያገኙትን ቀይ ዘይት የሚሞሉ አሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዘመዴ ቪ6 ካምሪውን ለተራ ሰርቪስ አንድ ጋራዥ ሰጥቶ ለድሮ መኪኖች የሚሆን ወፍራም ዘይት ሞሉለት፤ ከዚያም ባለ ስድስት ማርሹ በዲፕስቲክ (በዘይት መለኪያ ዘንግ) የሚለካ ስላልሆነ በግምት አትረፍርፈው ዘጉት። የዚህ ካምቢዮ ዘይት የሚለካው ሞተሩ እየሠራ፣ የዘይቱ ሙቀት ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መካከል ሳለ፣ ከሥር ያለው ቡሎን ተፈቶ ትርፉ በመፍሰሱ ነው። ያ መኪና በሦስት ወሩ ሦስተኛ ማርሽ አልገባ አለ። ጥፋቱ የካምቢዮው አልነበረም። ስለዚህ የሚገዙት መኪና ዘይቱ መቼ፣ በምን ዓይነት እንደተቀየረ ሻጩን መጠየቅ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተነዳ ከመጠየቅ አያንስም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ፣ ግን ሰው የማያስበው ሌላ ነገር አለ፤ የራዲያተር ውሃ። የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በሞተሩ ማቀዝቀዣ በኩል ስለሆነ ሞተሩ ሲግል ካምቢዮውም አብሮ ይግላል። ንጹሕ ውሃ ጎንደር ላይ በ93 ዲግሪ ገደማ፣ ደባርቅ ላይ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ጤነኛ ሞተር ግን የሚሠራው ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን የሚፈጥረው ግፊትና ከውሃው ጋር የሚቀላቀለው አንቲፍሪዝ ነው። ክዳኑ ላስቲኩ ደርቆ ግፊት መያዝ ካቆመና በውስጡ የቧንቧ ውሃ ብቻ ካለ፣ አዲስ አበባ ላይ ምንም ያላሳየ መኪና ኮሶዬ ላይ ሊፈላ ይችላል። አንቲፍሪዝን ሰው የብርድ መከላከያ ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ ለእኛ የሚያስፈልገን ለመፍላት ነጥቡና ለዝገቱ ነው።

አሁን ወደ ሞተሮቹ ልምጣ። የ2008ቱ 2.4 ሊትር ሞተር አንድ የታወቀ ድክመት አለበት፤ ዘይት ይበላል። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2009 በተሠሩት ካምሪዎች ላይ የፒስቶኑ የዘይት ፋሻ (ፒስቶኑን የሚከብበው ቀለበት) በካርቦን እየተደፈነ ዘይቱ ወደ ማቃጠያው ያመልጣል፤ ቶዮታም ችግሩን ተቀብሎ አሜሪካ ውስጥ ለእነዚህ ሞተሮች ዋስትናውን አራዝሞ ፒስቶንና ፋሻ ሲቀይር ነበር። በዚያ ጊዜ ለመቀየር የቆረጡት መለኪያ በ1,900 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ገደማ መብላቱ ነው። እዚህ የደረሰው መኪና ያ ሥራ ተሠርቶለት ይሁን አይሁን በዓይን አይታወቅም። ዘይት የሚበላ መኪና ወዲያው አያቆምም፤ የሚገድለው ባለቤቱ ሳያይ ዘይቱ ሲያልቅበት ነው። ይህን ሞተር የሚገዛ ሰው በየሳምንቱ ኮፈኑን ከፍቶ ዲፕስቲኩን የሚያይ መሆን አለበት። ከዚህ ውጭ ለሥራ ቀላል ነው፣ የሚንቀሳቀሰው በቺንጊያ ሳይሆን በካቴና ስለሆነ በየጊዜው የሚቀየር ቺንጊያ የለበትም፣ መለዋወጫውም ከሦስቱ በቀላሉ የሚገኝ ነው።

የ2010ሩ 2.5 ሊትር ይህ የዘይት በሽታ ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር በጣም የቀለለለት ነው። ጉልበቱም በ11 የፈረስ ጉልበት ይበልጣል፤ ይህ በራሱ ትንሽ ቢመስልም ከስድስቱ ማርሽ ጋር ሲሆን ደባርቅ ላይ ይታወቃል። የራሱ እንከን አለው፤ በማለዳ ቅዝቃዜ ሲነሣ ለአንድ ሁለት ሴኮንድ ከሞተሩ ጎን እንደ ቆርቆሮ የሚንኳኳ ድምፅ ሊያሰማ ይችላል። ይህ የቫልቭ ጊዜ ማስተካከያው ክፍል ሲያረጅ የሚመጣ ነው፤ በአንድ ጊዜ አያቆምዎትም፣ ግን ጥገናው ርካሽ አይደለምና በዋጋው ላይ ይደራደሩበት። የውሃ ፖምፓውም ማንጠባጠብ ይወዳል።

ቪ6ቱን በተመለከተ እውነቱን ለመናገር እኔ ራሴ የምወደው ሞተር ነው። ድምፁ የተረጋጋ፣ ጉልበቱ የተትረፈረፈ፣ በጥንካሬም የተመሰከረለት ነው። ወደ ወገራ ሲወጡ ከባድ መኪና ለመቅደም የሚኖርዎት ቀጥ ያለ መንገድ አጭር ስለሚሆን፣ እዚያ ላይ የቪ6ቱ ትርፍ ጉልበት የደኅንነት ጥቅም እንዳለው አልክድም። ይሁን እንጂ ለእርስዎ የማልመርጥበት ምክንያት አለኝ። የመጀመሪያው የዘይት ቱቦው ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቶች ላይ ለቫልቭ ማስተካከያው ዘይት የሚያደርሰው ቱቦ ከፊሉ ጎማ ነበር፣ ጎማው ሲያረጅ ይቀደድና በደቂቃዎች ውስጥ የሞተሩን ዘይት መሬት ላይ ያፈሰዋል። ቶዮታ ሙሉ በሙሉ በብረት በተሠራ ቱቦ እንዲተካ አድርጓል፤ የ2007 ሞዴል ከሆነ ይህ መቀየሩን በዓይንዎ ሳያዩ አይግዙ። ሁለተኛው የጥገናው አድካሚነት ነው። ከስድስቱ ካንዴላዎች ሦስቱ ከኋላ፣ ከአየር ማስገቢያው ሥር ስለተደበቁ እነርሱን ለመቀየር ከላይ ያለውን ክፍል ማንሳት ግድ ነው፤ በአራት ሲሊንደሩ ላይ ከአንድ ሰዓት የማይበልጠው ሥራ እዚህ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሦስተኛው ቤንዚን ነው። በአሜሪካ ይፋዊ መለኪያ በከተማ ውስጥ ቪ6ቱ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ12 ሊትር በላይ፣ የ2008ቱ 11 ሊትር ገደማ፣ የ2010ሩ ደግሞ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ያለ ይፈጃል። በፒያሳና በማራኪ መካከል በሚወጣና በሚወርድ አጭር መንገድ ሁሉም ከዚህ በላይ ይጠጣሉ፣ ልዩነቱም ይሰፋል። በነዳጅ ሰልፍ ላይ የሚያሳልፉትን ቀን ያስቡት። አራተኛው ወደ መጀመሪያው ነገሬ ይመልሰኛል፤ ቪ6ቱ የተገጠመለት ባለ ስድስት ማርሽ በ2007 ገና አዲስ ነበር፣ በመጀመሪያዎቹ ምርቶችም ላይ የማርሽ አቀያየር ቅሬታ ቀርቦበታል። ትልቅ ጉልበት ባረጀ ካምቢዮ ውስጥ ሲያልፍ ፍሪሲዮኖቹን ይበልጥ ያደክማል።

ስለ ማኑዋሉ ብዙ አልልም። በዚያ ትውልድ ካምሪ ላይ ማኑዋል የሚገኘው ከአራት ሲሊንደሩ ጋር ብቻ ነው፤ ለዳገታችንም ለቁልቁለታችንም በጣም ተስማሚ ነው፣ ፍሪሲዮኑ ቢያልቅም ማንኛውም ጥሩ ጋራዥ ይቀይረዋል። ግን እርስዎ እንደነገሩን ባለቤትዎ የለመዱት አውቶማቲክ ብቻ ነው። ልጆች ጭኖ ወደ ቁስቋም በሚወጣው ዓይነት አቀበት ላይ በእጅ ፍሬንና በፍሪሲዮን መነሣት ለጀማሪ ጭንቀት ነው፤ በየቀኑ የሚነዱት እርሳቸው ከሆኑ የእርሳቸው ምቾት ይቅደም። ደላላው ማኑዋሉን እስኪያፈላልግ መጠበቅም አያስፈልግዎትም።

ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ በገበያው ላይ የሚዞሩት እነዚሁ አገር ውስጥ ያሉት ናቸው። ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ፣ ያረጃሉ፣ ዋጋቸው ግን አይወርድም። ስለዚህ ሻጭ ሁሉ ሞተሩን አሳጥቦ፣ የማስጠንቀቂያ መብራቱን አጥፍቶ ያቀርባል። በኮምፒዩተር ሲያስመረምሩ «ኮድ የለም» በሚለው ብቻ አይርኩ፤ መርማሪው የመኪናው የራስ ፍተሻዎች ተጠናቀው እንደሆነ እንዲያይልዎት ይጠይቁ። አብዛኞቹ «አልተጠናቀቀም» ካሉ ኮዱ በቅርቡ ተሰርዟል፣ ወይም ባትሪው ተነቅሎ ነበር ማለት ነው።

ለፍተሻ ሲሄዱ በጠዋት ይሂዱ፤ ሻጩም እርስዎ ሳይደርሱ ሞተሩን እንዳያስነሣው አስቀድመው ይንገሩት። ሲደርሱ እጅዎን ኮፈኑ ላይ ያሳርፉ፤ ሞቆ ካገኙት ሌላ ቀን ይመለሱ። ሞተሩ ሲነሣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሴኮንዶች ድምፅ ያዳምጡ። ከዚያ ፍሬኑን ረግጠው ከፓርክ ወደ ኋላ ማርሽ፣ ከዚያም ወደ ፊት ይቀይሩ፤ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ለስለስ ብሎ መያዝ አለበት፣ ከዘገየ ወይም «ጓ» ብሎ ከያዘ ካምቢዮው ይጠየቃል። ወደ አዘዞ ወርደው ከዚያ ወደ ፒያሳ ይመለሱ፤ አዘዞ ከከተማው ዝቅ ስለሚል መመለሻው ካምቢዮውን ያሞቀዋል። ሜዳ ላይ መሪውን አብሮዎት ለሄደው ባለሙያ ይስጡት፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ ቤንዚን መስጫውን ሳይለቅ በግራ እግሩ ፍሬኑን በጣም በትንሹ ይንካ፤ ዙሩ ጥቂት መቶ ከፍ ብሎ ፍሬኑ ሲለቀቅ ከወረደ መቆለፊያው ይሠራል። በዚህ ፍጥነት መኪናው በጠጠር ላይ እንደሚሄድ ከተንቀጠቀጠ መቆለፊያው አልቋል።

የሞቀውን መኪና ኮሶዬ ድረስ ይውጡበት፤ በሦስት ሰው ሳይሆን በአምስት ሰው ቢሆን ይመረጣል። በየማርሹ ለውጥ ዙሩ በባዶ መዝለል የለበትም። ሲመለሱ ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ይዘው፣ እግርዎን ከቤንዚን መስጫው አንሥተው ይውረዱ፤ ሥር ሲደርሱ ቤንዚን ሲሰጡት አብሮዎት ያለው ሰው በኋላ መስታወት ይመልከት። ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት ይበላል። ወደፊት ከደባርቅ አልፈው ሊማሊሞን መውረድ ካሰቡም ይኸው የዝቅተኛ ማርሽ ልማድ ፍሬንዎን ያተርፍልዎታል፤ በከፍተኛ ማርሽ ለቀው ፍሬን ብቻ እየረገጡ ያንን መጠምዘዣ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም።

የ2010ሩ ይህን ሁሉ ካለፈ ይግዙት። ካላለፈና የ2008ቱ ካለፈ፣ ዘይቱን በየሳምንቱ ለማየት ቃል ገብተው እርሱን ይውሰዱ፤ የታመመ ባለ ስድስት ማርሽ ከጤነኛ ባለ አምስት ማርሽ ጋር አይወዳደርም። ቪ6ቱን የምፈቅድልዎት ሁለቱም ወድቀው እርሱ ብቻ ካለፈና ቱቦው በብረት ከተተካ ነው።

መኪናውን እንደገዙ በመጀመሪያው ሳምንት የካምቢዮውን ዘይት በደብሊው ኤስ ያስቀይሩ። በአንድ ጊዜ ማውረድ የሚወጣው ከጠቅላላው ግማሽ ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረው ቶርክ ኮንቨርተሩና መተላለፊያዎቹ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ ድጋሚ ያስወርዱት፣ ሁለቱንም ጊዜ ደረጃው በሙቀቱ ልክ መለካቱን አጠገቡ ቆመው ይዩ። የወረደውን ዘይት ጥቂት በንጹሕ ጠርሙስ ይዘው ቢያስቀምጡት የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ጋር አስተያይተው ካምቢዮዎ ምን ያህል እንደጸዳ በዓይንዎ ያዩታል።